የቫሲቲ ላጲስ

እሁድ በእኛ የደሴት መንደር ውሻ ሲጮኽ ባለቤቱ ያፍራል። ሱቅ አይከፈትም፣ ባሕር አይገባም፣ ኳስ አይመታም፣ ልብስ ገመድ ላይ አይሰጣም። ሕግም ነው፣ ልማድም ነው፣ ከሁለቱም በላይ ግን ጎረቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የበሰለውን ጎደሬና ቦዬ፣ በቅጠል የተጠቀለለውን ሥጋ ከነኮኮናት ወተቱ እስኪያቅተን እንበላና እንተኛለን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መንደሩ በሙሉ በጀርባው ተንጋሎ ያንኮራፋል።

በዚያ ዝምታ መሃል ነው የቫሲቲ ኮምፒውተር የጮኸው። ሦስት ጊዜ፣ ረዘም ረዘም አድርጎ። ጲጵ። ጲጵ። ጲጵ። ከመጋረጃ ጀርባ ስንት ራስ ብቅ እንዳለ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ቫሲቲ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ስሟ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ንጉሡ ልኮ ሲያስጠራት አልመጣም ካለችው ከንግሥት አስጢን፣ በእኛ አጠራር ቫሲቲ። አባቷ ስሙን ሲያወጣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበው አይመስለኝም። ባሏ ፍራፍሬ ለቀማ ብሎ ወደ ሰው አገር ሄደ፤ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ቀረ። እሷ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቱን ወለል ወለወለች። ስትወለውል የኮምፒውተሩን ክፍል ሆን ብላ መጨረሻ ላይ ታደርገው ነበር። ግድግዳው ላይ የጣት አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ልጆቹ ከወጡ በኋላ በሩን ገፋ አድርጋ እሱን እያየች መተየብ ተማረች። ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን አንድ መምህር ደርሶባት፣ "ቫሲቲ፣ መወልወያሽም ፊደል ያውቃል እንዴ?" አላት።

"አንተ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን ሳይ፣ መወልወያው ይሻላል" አለችው።

ኮምፒውተሩን ባሕር ማዶ ኦክላንድ ያለችው ልጇ ናት በበርሜል፣ በዱቄትና በብርድ ልብስ መሃል ጠቅልላ የላከችላት። ለምን እንደፈለገችው ልንገራችሁ፤ ይሄን ስናገር ራሳችንን እንጂ ሌላ ሰው እየከሰስኩ አይደለም።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሥራ ተቋራጭ መጣና ከመቃብራችን ሥር ካለው ባሕር ዳር አሸዋ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ የጭነት መኪና፣ ቀጥሎ ሦስት። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሰጠ፤ እኛም ዝምታችንን ሰጠነው። ሙታኖቻችንን በነጭ አሸዋ ከምረን፣ ዙሪያውን በኮራል ድንጋይ አጥረን፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ የምንጠርግ ሰዎች ነን፤ ያው አሸዋ ከሥራቸው እየተጫነ ሲሄድ ግን ቆመን እጃችንን አወዛወዝንለት። ሾፌሮቹ ዘመዶቻችን ናቸዋ።

ቫሲቲ እጇን አላወዛወዘችም። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ባሕር ዳር ወዳለው ትልቅ ሸውሸዌ ዛፍ ትሄዳለች። ጀርባዋን ግንዱ ላይ ታስደግፋለች፣ ፊቷን ወደ መቃብሩ ታዞራለች፣ በአሮጌ ስልኳ አንድ ፎቶ ታነሳለች። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። ቤት ገብታ ኮምፒውተሩ ላይ ትጭነውና ከስልኩ ታጠፋዋለች፣ ስልኩ ብዙ አይችልም። በሰባት ዓመት ሰማንያ አንድ ፎቶ ሆነ። ሦስት ወር ታማ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከታላቅ ወንድሟ ከሶአኔ መቃብር እስከ ገደሉ ጫፍ አርባ እርምጃ ሣር አለ። በመጨረሻው ላይ ስድስት።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስድስት ደብዳቤ ጻፈች። ስድስተኛው መልስ አገኘ፤ ተቋራጩ ፈቃዱ እንዲታደስለት ስለጠየቀ፣ ተቃውሞ ያለው ሰው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዋና ከተማ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ የሚል።

ማስረጃው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ፍላሽ ላይ ገልብጣው ነበር፤ መዘምራኑ ለአንድ ቀን ተውሰውት መዝሙር ሞልተው፣ የሷን አጥፍተው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለው መለሱላት።

ኮምፒውተሩ ቅዳሜ ጠዋት እምቢ አለ። ስትጫነው መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ይቀራል፤ ሦስት ጊዜ ይጮኽና ዝም ይላል። ሶኬቱን በመብራት ሞከረችው፣ ይሠራል። ገመዱን በሌላ ቀየረችው፣ ያው ነው። የስክሪኑን ገመድ ነቅላ ሰካችው። ኪቦርዱንም፣ ሁሉንም ነቀለችና ባዶውን አስነሳችው። ሦስት ጊዜ ጮኸ።

ከተማ ወዳለው ጠጋኝ ደወለች።

"ስንት ዓመቱ ነው እማማ?" አላት።

"ዘጠኝ።"

"እሱ ሞቷል። አፈር ያልብሱት።"

"አፈሩን እየወሰዱብን ነው እኮ የምደውለው።"

"እንግዲያው ሰኞ ያምጡት፤ ውጭ ልኬ በሁለት ሳምንት..."

"ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው የምፈልገው።"

ዘጋባት። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን ትንሽ መጽሐፍ ስትፈልግ ዋለች፤ አልጋ ሥር፣ በርሜሉ ውስጥ፣ የዱቄት ከረጢት ጀርባ። አላገኘችውም። እሁድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ የመዝሙር መጽሐፏን ከቦርሳው ስታወጣ አብሮ ወጣ። ለካ መጽሐፍ የሆነ ነገር ሁሉ እሷ ዘንድ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው።

ፓስተሩ ሲሰብክ እሷ በመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ሸሽጋ ያንን አነበበች። መጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ጩኸቱ ተጽፏል። አንድ አጭር ጩኸት፣ ደህና ነው። ሦስት ረጃጅም ጩኸት፣ ማስታወሻው፣ ሚሞሪ የሚባለው ቀጭን ሰሌዳ፣ በደንብ አልገባም ወይም ጥርሱ ቆሽሿል። ይሄን ስታነብ በመዳፏ ግንባሯን መታች። ፓስተሩ ስብከቱ የነካት መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

ጥርሱ ለምን እንደቆሸሸ ገብቷታል። እኛ ሰው ፊት የሚቀርብን ነገር ሁሉ እንቀባለን። ሙሽራን፣ ለጭፈራ የሚወጣን ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሕፃን፣ አበባ በተነከረበት የኮኮናት ዘይት ሳንቀባ አናወጣም። ቆንጨራም እንቀባለን፣ የባሕሩ ጨው ብረት ይበላላ። ቫሲቲም አርብ ዕለት ለሰኞው ብላ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ አቧራውን ጠረገች፣ እነዚያን ሁለት ትንንሽ ማስታወሻዎች ከቦታቸው አውጥታ ወርቃማ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ በዘይት አሸች። እስኪያብረቀርቁ።

ምሳ አልበላችም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሎሳ ጎረቤቷ ናት፤ በአጥሩ ላይ ጠራቻት።

"ሎሳ፣ አልኮል ስጪኝ።"

"እትዬ ቫሲቲ፣ በእሁድ? መጠጥ ጀመሩ እንዴ?"

"የቁስል ማጽጃውን ነው የምልሽ።"

"ማን ተጎዳ?"

"ኮምፒውተሬ።"

ሎሳ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። "እኔ ምንም አልሰጠሁም። ጠርሙሱን አጥሩ ላይ አስቀምጬ ረስቼው ገባሁ።"

"ጥጥስ?"

"ጥጡንም ረሳሁት።"

እንዲህ ነን። እንረዳለን፣ ስማችን እንዳይነሳ ብቻ። የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ቁልፍ የምትይዘው ቫሲቲ ስለሆነች ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሳጥን አንድ ላጲስ ወሰደች። መጀመሪያ ጥርሱን በአልኮል ጠረገች፣ ሁለቱንም መልሳ ሰካች፣ ማብሪያውን ተጫነች። መንደሩን የቀሰቀሰው ጩኸት ያ ነው።

የመንደሩ ሹም ኬሌፒ መጣ። አምሳ ዓመት የሞላው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲናገር ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነው። ከእንቅልፉ ተነስቶ ስለወጣ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ሰሌን ተጣሞ ነበር። እኛም ተከትለን መስኮቱ ሥር ቆምን። ለማየት ሲሆን ማን ይቀራል።

ኬሌፒ የሶአኔ ልጅ ነው፤ ቫሲቲ የአባቱ እህት ናት።

"አክስቴ" አለ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "ያ ድምፅ ከዚህ ነው የወጣው?"

"ከዚህ ነው።"

"እሁድ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ጠዋት ከፊትህ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ስታንኮራፋ ሰምቼሃለሁ።"

"ሥራ ክልክል ነው አክስቴ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው።"

"ምሳ ምን በላህ?"

"ምን አሉኝ?"

"ምሳ። ምን በላህ?"

ኬሌፒ ወደ እኛ ዞር አለ፤ እኛ ወደ መሬት አየን። "ጎደሬ። ዓሣ። ትንሽ ሥጋ።"

"ጎህ ሳይቀድ እንጨት ስትፈልጥ ሰምቼሃለሁ። ድንጋይ አግለሃል፣ ጉድጓድ ሞልተሃል፣ ቅጠል ከምረሃል፣ አፈር መልሰሃል። እሱ ሥራ አልነበረም? ወይስ እናንተ ዘንድ ሥራ የሚባለው ሆድ ውስጥ የማይገባው ብቻ ነው?"

አንዱ ከመስኮቱ ሥር ሳቀ። ማን እንደሆነ አልናገርም።

"ምግብ ይፈቀዳል" አለ ኬሌፒ። "የጭነት መኪኖቹ እንኳ ዛሬን አክብረው ቆመዋል።"

"ስድስት ቀን በልተው በሰባተኛው ሲተኙ ጻድቅ ሆኑ?"

ኬሌፒ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ። "አክስቴ፣ ገመዱን ብቻ ልንቀለው። ነገ ጠዋት ይቀጥላሉ።"

"ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ላይ ነኝ።" ድምፅዋን አላነሳችም። "ኬሌፒ፣ የአባትህ እህት ማን ናት?"

እጁ አየር ላይ ቀረ።

የአባት እህት የምታዘውን የወንድም ልጅ ይፈጽማል። ከሷ ፊት ከፍ ብሎ አይቀመጥም፤ አልሰማሁም፣ አልችልም አይልም። በሠርግም በለቅሶም የክብሩ ቦታ የሷ ነው። ሹምነት እዚህ ጋ ደጅ ይቀራል። ቫሲቲ ግን ይሄን ክብር በሕይወቷ አንድም ቀን ተጠቅማበት አታውቅም። ኬሌፒ ልጁን ሲድር ከስጦታው ምርጡን ሰሌን ይዛ መሄድ የምትችል ሴት፣ ከጓዳ ሆና ሳህን ስታጥብ ነው ያየናት። እኛም ማጠቧ ተስማምቶን ዝም አልን።

"አንቺ ነሽ... እርስዎ ነዎት አክስቴ" አለ።

"እንግዲያው ቁጭ በል። ባትሪውን ያዝና አብራልኝ፤ እዚህ ውስጥ ጨለማ ነው።"

ቁጭ አለ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማነው። ባትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አበራ።

ገመዱን ነቀለች። ብሎኑን በካቻቪቴ ፈታች፣ ጎኑን አነሳች፣ ሁለቱን ማስታወሻዎች አወጣች። ላጲሱን ይዛ የአንዱን ጥርስ በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ መፋቅ ጀመረች፣ ልጅ የተሳሳተ መልስ እንደሚያጠፋ። ላጲሱ ጠቆረ። ሽታው ተነሳ።

ኬሌፒ አፍንጫውን ነፋ። "የሠርግ ሽታ ይሸታል።"

"ቀብቼው ነበር።"

"ኮምፒውተሩን?"

"ባለሥልጣን ፊት ሊቀርብ አይደል።"

"ኮምፒውተር ይቀባል እንዴ አክስቴ?" ሳቁ አመለጠው፣ ባትሪው ተንቀጠቀጠ።

"የእናቴ የስፌት መኪና አርባ ዓመት የሠራው በምን መሰለህ? ቀጥ አድርገህ ያዝ። ተሳስቻለሁ። ጥፋቴ የኔ ነው፣ ይኸው እየፋቅኩት ነው። የእናንተን ማን እንደሚፍቅላችሁ አላውቅም።"

ይሄ የመጨረሻው ወደ መስኮቱ ነበር የተነገረው።

የመሰኪያውን ስንጥቅ ካርቶን ላይ በጠቀለለችው ጥጥ አልኮል እያስነካች ጠረገች። "ሁለቱም አንድ ላይ ሲገቡ የትኛው እንደታመመ አይታወቅም" አለች ለራሷ፤ አንዱን ብቻ ሰካች። ገመዱን መለሰች፣ ተጫነች። ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከውጭ አንዲት ሴት "በቃ፣ እግዚአብሔር አልወደደውም" ስትል ተሰማ።

"እግዚአብሔርን ለቀቅ አድርጊው፣ ዘይቱ ነው" አለች ቫሲቲ ሳትዞር።

ያንን አውጥታ ሌላኛውን ፋቀች። በመጀመሪያው መሰኪያ ሰካችው፤ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ኬሌፒ፣ "አክስቴ፣ ይበቃል፣ ደከምዎት" አለ። "አብራ ብቻ" አለችው። አወጣችና በሁለተኛው መሰኪያ አስገባችው፤ ግራና ቀኙ ቀጭ እስኪል በሁለት አውራ ጣቷ ተጫነችው። ማብሪያውን ነካች።

ጲጵ። አንዴ። አጭር።

ስክሪኑ ነጣ። ቫሲቲ ወንበሯን ሳበችና ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ከፈተች።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የኬሌፒ ልጆች ከአያታቸው መቃብር ፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሐብሐብ ይበላሉ። ሣሩ ከኋላቸው ረጅም ነው። ቀጣዩን ነካች፣ ቀጣዩን፣ ቀጣዩን። በፍጥነት ሲሄዱ ባሕሩ የሚራመድ ይመስል ነበር። ልጆቹ የተቀመጡበት ቦታ ጠፋ። የኮራሉ አጥር ሄደ። አንድ የማናውቀው የድሮ መቃብር ግማሹ ሄደ። የመጨረሻው ላይ ገደሉ ሶአኔ እግር ሥር ሊደርስ ስድስት እርምጃ ቀርቶታል።

ኬሌፒ በየሳምንቱ ያንን መቃብር ይጠርጋል። በየሳምንቱ አንዲት ጣት የምታህል ሲቀነስ ግን ዓይን አያይም፤ ማየት ካልፈለገ ደግሞ ጭራሽ።

"እንደገና ያሳዩኝ" አለ።

እንደገና አሳየችው። ካለቀም በኋላ ባትሪውን ስክሪኑ ላይ እንዳበራ ነበር።

"ባትሪውን አጥፋው እንጂ" አለችው፣ "ያልቃል።"

ለፖሊስ አላሳወቀም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ መኪናውን አስነስቶ ደጇ ላይ ቆመ። እሷ ያላትን ጥሩ ሰሌን ታጥቃለች። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ኋላ ይጫን ቢላት እምቢ አለች። እኔና ሌሎች ሦስት ሰዎች ከስክሪኑ ጋር ከኋላ ተጫንን። ከመንደሩ በሙሉ አራት ሰው፤ ይሄንንም እጽፈዋለሁ።

ሦስት ባለሥልጣናት ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ተቋራጩ ከነጠበቃው ቀድሞ ደርሷል። ጠበቃው ተናገረ፤ ባሕር ዳሩ ከጥንትም እንዲሁ ነው፣ ተቃዋሚዋ የቀድሞ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ የለካ ባለሙያ የለም። ቫሲቲ ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች፣ ገመዱን ግድግዳቸው ላይ ሰካች፣ ተጫነች።

ጲጵ። ጲጵ። ጲጵ።

መንገዱ ነው፤ ሲንገጫገጭ ጥርሱ ላላ። ጠበቃው ፈገግ አለ። "ማስረጃው ይሄ ጩኸት ከሆነ..."

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ሌሎች ጉዳዮች አሉብን። ሌላ ቀን ቢያመጡት..."

"ሌላ ቀን የለኝም። ስድስት እርምጃ ነው የቀረኝ" አለች።

ከታጠቀችው ሰሌን እጥፋት ውስጥ ካቻቪቴውንና ያንን የጠቆረ ላጲስ አወጣች። ገመዱን ነቀለች። የመጀመሪያውን ብሎን እየፈታች፣ "ኬሌፒ፣ ባትሪ" አለች።

የመንደሩ ሹም፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በባለሥልጣናቱና በተቋራጩ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከና አበራላት። ሰብሳቢው አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። እሱም የአባት እህት ያለችው ሰው ነው። ጸሐፊዋ ቡናዋን አስቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የላጲሱ ፍቅፍቅታ ብቻ ነበር። ተቋራጩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ።

አንዴ ጮኸ። አጭር።

ሰማንያ አንዱንም አሳየቻቸው። ጠበቃው ቀኑ በምን ይታወቃል ሲል እያንዳንዱ ላይ የተመዘገበውን አሳየችው። ሰብሳቢው ውሳኔው በጽሑፍ ይላካል ሲል ደግሞ አልተነሳችም። "ወደ እናንተ ኮምፒውተር ሳይገለበጥ ይሄን ከዚህ አልነቅልም። ፍላሽ አታውሱኝ፣ እናንተ ራሳችሁ ገልብጡት፣ እኔ እያየሁ።" ገለበጡት። ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ቆጠረች።

ወረቀቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ኬሌፒ ራሱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፈው። ከሸውሸዌው ዛፍ እስከ መቃብሩ አካፋ እንዳይነካ ይላል። ከዛፉ ወዲያ ማዶ ግን ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ታድሷል። ፓስተሩ ምስጋና አደረገ፤ ያው እሁድ ነው ዝም በይ ይላት የነበረው ሰው ሁሉ ድል ነው አለ፣ አሳማ ይታረድ ተባለ። ቫሲቲ ድግሱ ላይ አልቀረበችም። "ግማሽ ነው" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

በተከታዩ ወር የመጀመሪያ ሰኞ ወደ ዛፉ ሄደች። እንደ ድሮው ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደገፈች፤ ፊቷን ግን በሌላው በኩል፣ ወደ ማዶው ባሕር ዳር አዞረች። መኪኖቹ እየሠሩ ነበር። አንዱ ሾፌር እጁን አወዛወዘላት። ፎቶ አነሳችው።

ኮምፒውተሩን ከዚያ ወዲህ ዘይት አልነካውም። ላጲሱ ግን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሳጥን አልተመለሰም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል፤ "ገና አልጨረስኩበትም" ነው መልሷ።